የዶክተር ይርዳውን ስህተት ይዤ ወደ ዋጃ

ሰኞ፤ ከአዲስ አበባ እስከ ደሴ

ከአዲስ አበባ የተነሣሁት በጥቅምት ወር መጨረሻ፣ ሰኞ ዕለት፣ ከንጋቱ አሥራ ሁለት ሰዓት ላይ ነው። ቦርሳዬ ውስጥ ያለው የጉዞ ደብዳቤ «የአረም ናሙና ለመሰብሰብ» ይላል። ውሸት አይደለም፤ ናሙናም መሰብሰቤ አይቀርም ነበር። ዋናው ጉዳዬ ግን የሞተ ሰው መልእክት ማድረስ ነበር።

መልእክቱ የዶክተር ይርዳው ነው። ዶክተር ይርዳው በምርምር ጣቢያችን የአረም ተመራማሪ ነበሩ። ከኮሌጅ ወጥቼ ስቀጠር ሥራ ያስያዙኝ እሳቸው ናቸው። በመጀመሪያው ሳምንት አንድ ማንኪያ አፈር ወረቀት ላይ አፍስሰው «እዚህ ውስጥ ስንት የአቀንጭራ ዘር አለ?» አሉኝ። የአቀንጭራ ዘር እንደ በርበሬ ብናኝ የደቀቀ ነው። ሁለት ቀን ሙሉ በአጉሊ መነጽር ስለቅም ቆየሁና ቁጥሩን ነገርኳቸው።

«ስንቴ ቆጠርሽው?»

«አንዴ።»

«እንግዲያው ገና አልቆጠርሽውም» ብለው ወረቀቱን መለሱልኝ።

ሲቆጡ አይቻቸው አላውቅም። ከመስክ በተመለሱ ቁጥር ሱሪያቸው ጭጎጎት በጭጎጎት ነበር፤ ስብሰባ ላይ ቁጭ ብለው አንድ በአንድ እየነቀሉ ፖስታ ውስጥ ያጠራቅሙታል። ስድስት ዓመት በአንድ ክፍል አብረን ሠራን። መጀመሪያ ተማሪያቸው ነበርኩ፤ ኋላ ባልደረባቸው ሆንኩ። መቼ ከአንዱ ወደ ሌላው እንደተሸጋገርኩ ግን አላውቀውም።

አቀንጭራ ማሽላ ሥር ላይ ተጣብቆ የሚኖር አረም ነው። ከመሬት በላይ ብቅ ብሎ ሐምራዊ አበባውን እስኪያሳይ ድረስ ከሥር ሆኖ የማሽላውን ምግብ ሲጠባ ይከርማል። ገበሬው ሲያየው ጉዳቱ ደርሶ አልቋል። ዶክተር ይርዳው ከስምንት ዓመት በፊት፣ አብዮቱ በፈነዳ ሰሞን፣ ከዋጃ አጠገብ ባለች አንዲት መንደር ከርመው ለገበሬዎቹ ምክር ሰጥተው ነበር። አረሙን ነቅላችሁ አታቃጥሉት፣ መኖ ነውና ለከብት ስጡት፣ ዘሩ ከብቱ ሆድ ውስጥ ይሞታል አሏቸው። እኔ ያኔ ገና ተማሪ ነበርኩ።

አምና ይህንኑ ምክራቸውን ሊፈትሹት ተነሡ። ለምን እንደሆነ አልነገሩኝም። ዘር የያዘ አቀንጭራ ለጣቢያው በሬ አበላን፤ እበቱን ሰብስበን ሌላ ዘር እንዳይኖርበት በእሳት ከተቀቀለ አፈር ጋር ቀላቅለን በገንቦ ማሽላ ዘራንበት። ሐምሌ ላይ እበት ካለባቸው ገንቦዎች ከግማሽ በላዩ ሐምራዊ አበባ አወጣ። እበት የሌለባቸው ንጹሕ ነበሩ። ዶክተር ይርዳው ያኔ ኩላሊታቸው ታሞ እግራቸው አብጦ ነበር። ክንዴን ተደግፈው መጡና የተደፋ ባልዲ ላይ ተቀምጠው ረጅም ጊዜ አዩት።

«ዋጃ ያሉትን ሰዎች አሳስቻቸዋለሁ» አሉ። «ሳልፈትሽ ነው የተናገርኩት። ክረምቱ ሲወጣ ሄጄ እነግራቸዋለሁ።»

ክረምቱን አልጨረሱትም። ጳጉሜን ላይ ቀበርናቸው።

የክፍላችን ኃላፊ በደብዳቤ እናሳውቃለን አለ። ደብዳቤ ቢሮ ይደርሳል እንጂ እርሻ እንደማይደርስ አውቃለሁ። ስለዚህ የናሙና ማመልከቻ አስገባሁ።

አውቶቡሱ ደብረ ብርሃንን በብርድ አልፎ ጣርማ በርን ወረደ። ከሚሴ ላይ ምሳ በልተን ስንወጣ ኬላ ላይ ሁላችንም ዕቃችንን ይዘን እንድንሰለፍ ተደረገ። ወታደሩ የእኔን ካርቶን ከፈተ። ውስጡ ከገንቦዎቹ የተነቀለ፣ በጋዜጣ መሐል የደረቀ አቀንጭራ ነው።

«ይህ ምንድነው?»

«አረም ነው።»

«አረም ደግሞ ምን ልሁን ብሎ ይጓዛል? እኛ አገር አልጠፋ!»

የተሰለፈው ሰው ሳቀ። ወታደሩም ሳቀና ደብዳቤዬን ሳይጨርሰው መለሰልኝ። ደሴ የገባነው ሊመሽ ሲል ነው። በሁለት ብር አልጋ ይዤ ተኛሁ።

ማክሰኞ፤ ከደሴ እስከ ቆቦ

ከደሴ ሐይቅ፣ ከሐይቅ ውጫሌ፣ መርሳ፣ ወልዲያ። ወልዲያን አልፈን ስንወርድ ሰው ሁሉ ነጠላውንና ኮቱን ማውለቅ ጀመረ። ጎብዬ ላይ ገበያ ነበርና አውቶቡሱ በፍየልና በማሽላ ሸክም መሐል እንደ ኤሊ ሄደ። በመስኮት ጥንቅሽ ገዛሁ። የማሽላ አገዳ ሆኖ እንደ ሸንኮራ የሚጣፍጥ ነው፤ ዶክተር ይርዳው ከዚህ አገር ሲመለሱ አንድ እቅፍ ሳይዙ አይመጡም ነበር።

ከሮቢት በኋላ ሜዳው ተዘረጋ። በስተቀኝ እስከ ዞብል ተራሮች ድረስ ማሽላ ነው። አንዳንዱ ማሳ ውስጥ ማማ ተሠርቶ ሰው በወንጭፍ ወፍ ይጠብቃል። ከመስኮቱ ሆኜ በማሽላው እግር ሐምራዊ ነገር እፈልግ ነበር። መፈለግ አላስፈለገኝም፤ ከሮቢት እስከ ቆቦ አበባው በያለበት ነው። የማያውቅ ሰው ቢያየው ደስ ይለዋል።

ረቡዕ፤ የቆቦው ቢሮ

የግብርና ቢሮው ኃላፊ ከእኔ ብዙም የማይበልጥ፣ ቀጭን፣ ሥራ የበዛበት ሰው ነው። ደብዳቤዬን ተቀብሎ ማኅተም ሊመታ ሲል እውነቱን ነገርኩት። መደበቅ ይቻለኝ ነበር፤ ግን ስብሰባ ያለ እሱ ፈቃድ አይጠራም።

ማኅተሙን አስቀመጠው።

«ጓዲት በላይነሽ፣ ገበሬ ሰብስበሽ የመንግሥት ባለሙያ ተሳስቷል ልትዪ ነው?»

«ራሳቸው ናቸው ያሉት።»

«ይበሉ። ነገ ማዳበሪያ ውሰዱ፣ በመስመር ዝሩ ስንላቸው ማን ይሰማናል? ያኛውም ተሳስቶ ነበር ይሉናል።» ትንሽ አሰበና ድምፁን ዝቅ አደረገ። «አዲስ መመሪያ ወጥቷል በያቸው። ከእንግዲህ አቃጥሉት በያቸው። ያው አይደለም እንዴ? የሰውየውንም ስም አታጎድፊ። እዚያ መንደር እንዴት እንደሚወዷቸው አታውቂም።»

ማኅተሙን መታልኝ። ዓርብ ከጁምዓ ሶላት በኋላ ስብሰባ እንደሚጠራና ራሱም እንደሚገኝ ነገረኝ።

ከቢሮው ስወጣ ምክሩ መጥፎ አልመሰለኝም። እውነቴን ነው የምጽፈው፤ ደስ አለኝ። የመምህሬን ስም ሳላነሣ፣ አረሙም እየተቃጠለ፣ እኔም ሳልወቀስ መመለስ እችላለሁ። ወደ አላማጣ በሚሄድ የጭነት መኪና ተሳፍሬ ዋጃ ወረድኩ። ከዚያ ከገበያ ከሚመለሱ ሴቶች ጋር ወደ ምሥራቅ አንድ ሰዓት ተኩል በእግር ሄድኩ። ወንዞቹ ደረቅ አሸዋ ናቸው፤ ጎርፍ ሲመጣ ውኃውን ወደ እርሻ የሚመሩበት ቦይ ግን በየቦታው ተቆፍሯል።

የመንደሩን የገበሬ ማኅበር ሊቀ መንበር አያ ሰይድ ይሏቸዋል። ረጅም፣ ጢማቸው በሒና የቀላ ሰው ናቸው። ከዶክተር ይርዳው ዘንድ መምጣቴን ስናገር ፊታቸው በራ።

«እሱስ? ደኅና ነው? ምነው ራሱ ቀረ?»

መሞታቸውን ነገርኳቸው። አያ ሰይድ መሬት ላይ ቁጭ አሉ። ባለቤታቸው ከቤት ወጡ፤ ጎረቤት ተጠራ፤ ሙስሊሙ «አላህ ይዘንለት»፣ ክርስቲያኑ «ነፍስ ይማር» እያለ ግቢው ሞላ። ዱዓ ተደረገ። ከዚያ ስለ ሟቹ ማውራት ተጀመረ። አንድ ቀን ማሽላ ውስጥ ገብተው መውጫው ጠፍቷቸው «ኧረ ወገን!» እያሉ መጣራታቸውን፣ ፍለጋ የገባው ሰውም መጥፋቱን አወሩልኝ። ስድስት ዓመት አብሬያቸው ስሠራ ይህን አልነገሩኝም ነበር። ሳቅን፤ እኔ ከሳቄ በኋላ አለቀስኩ።

ሐሙስ፤ ማሳው

ጠዋት አያ ሰይድ የማሽላ እንጀራ በወተት አብልተውኝ እርሻቸውን ሊያሳዩኝ ወሰዱኝ። ከማሳቸው ግማሽ የሚሆነው ላይ ማሽላው ወገብ ሳይደርስ ቢጫ ሆኖ ቆሟል። የማሽላው ራስ ባዶ ነው። ከእግሩ ሥር አቀንጭራው ዘር ይዟል።

«ዶክተሩ ያለውን አንድም አላጎደልኩም» አሉ። «ነቀልኩ፤ ለከብት ሰጠሁ፤ እበቱን መለስኩ። ጎረቤቱንም ሁሉ ያስደረግኩት እኔ ነኝ። በየዓመቱ ይብሳል። ልጄ፣ አንቺ የተማርሽ ነሽ፤ ምን ብናጠፋ ነው?»

መልሱ አፌ ላይ ነበር። ዋጥኩት። «ነገ በስብሰባው እንነጋገራለን» አልኳቸው።

ከማሳቸው ድንበር ወዲያ አንዲት ትንሽ እርሻ አለች። ደገሌት የሚሉት ረጅም ማሽላ ራሱን ደፍቶ ቆሞባታል። አቀንጭራ አልጠፋባትም፤ ግን እዚህም እዚያም ነው፣ ይቆጠራል። የማን እንደሆነች ጠየቅኩ። አያ ሰይድ ፊታቸውን አዞሩ።

«የዘሀራ ናት።»

ያለፈውን የሰማሁት ከአያ ሰይድ ባለቤት ነው። እመት ዘሀራ ባላቸው የሞተ፣ ልጆቻቸው ወደ አሰብ ለሥራ የሄዱ አሮጊት ናቸው። ዶክተሩ ምክር የሰጡ ጊዜ አልቀበልም ብለው አረማቸውን ማቃጠል ቀጠሉ። ማኅበሩ ልማት የምትቃወም ብሎ ከደቦ አገለላቸው። ኋላ የሁሉም ማሳ ሲበላሽ የእሳቸው ደኅና መሆኑ ሲታይ ደግሞ ሌላ ወሬ ተነሣ፤ መተት አድርጋ አረሙን ወደ ጎረቤት ነዳችው ተባለ። ከተገለሉ ጀምሮ ብቻቸውን አጭደው ብቻቸውን ወቅተዋል።

ከሰዓት በኋላ ሄድኩ። ደጃፋቸው ላይ ማሽላ ሲያበጥሩ አገኘኋቸው።

«እመት፣ ዶክተር ይርዳው ያሉትን ለምን እንቢ አሉ?»

ሰፌዱን አላስቀመጡም። «ልጅ ሳለሁ አባቴ ከብት ከቆላ ያመጣ ነበር። ከብቱ ያደረበት ቦታ በዓመቱ አቀንጭራ ይወጣበታል። በዓይኔ አይቻለሁ። ለሰውዬውም ነግሬዋለሁ።»

«ምን አሉዎት?»

«ሳቀ። በሳቁ አልተቀየምኩም፤ ደግ ሰው ነበር። ደግሞ ሊሄድ ሲል ተመልሶ መጣ። በስንተኛው ዓመት ነው የሚወጣው? ስንት ከብት ነበር? አለኝ። ወረቀት ላይ ጻፈው። ከዚያ አላየሁትም።»

የገንቦዎቹ ሐሳብ ከየት እንደመጣ ያን ጊዜ ገባኝ። ዶክተር ይርዳው ያቺን ወረቀት ሰባት ዓመት ይዘዋት ከርመዋል። ለምን ያን ያህል እንደቆዩ አላውቅም። ሥራ በዝቶባቸው ይሆናል፤ ፈርተውም ይሆናል። ብቻ በመጨረሻ ፈትሸዋታል።

እመት ዘሀራ ማበጠራቸውን ቀጠሉ።

«ነገ ስብሰባው ላይ ይምጡ» አልኳቸው።

«እኔን ማን ጠርቶኝ?»

«እኔ ጠራሁዎት።»

«አዲስ መመሪያ ወጥቷል» የሚለው ነገር ያን ጊዜ ከልቤ ወጣ። መመሪያው አረሙን ያቃጥላል፤ እኚህን ሴት ግን እዚያው መተተኛ አድርጎ ይተዋቸዋል።

ዓርብ፤ ከጁምዓ በኋላ

ስብሰባው ዋርካው ሥር ሆነ። ኃላፊው በሞተር ብስክሌት መጣና ከአያ ሰይድ አጠገብ ወንበር ተሰጠው። ወንዶቹ መሐል፣ ሴቶቹ ዳር ተቀመጡ። እመት ዘሀራ ከሴቶቹም ራቅ ብለው ተቀመጡ።

ካርቶኑን ከፍቼ የደረቀውን አረም አወጣሁ። በሬው የበላውን፣ እበቱን፣ የተቀቀለውን አፈር፣ ገንቦዎቹን፣ ሁሉንም በቅደም ተከተል ነገርኳቸው። ከዚያ «ዶክተር ይርዳው ይህን ካዩ በኋላ የዋጃን ሰዎች አሳስቻቸዋለሁ አሉ። ሊመጡ ነበር፤ ሞት ቀደማቸው። ጥፋቱ የእናንተ አይደለም። ምክሩ ነው የተሳሳተው» አልኩ።

ኃላፊው መሬት መሬቱን ያያል። ከዚያ አንድ መሐል የተቀመጠ ጎልማሳ ብድግ አለ።

«ስምንት ዓመት! ስምንት ዓመት ሙሉ በገዛ እጃችን ስንዘራው ኖርን ነው የምትይን? የእኔን ማሳ ማን ይመልስልኛል?»

«የሚመልስልዎት የለም» አልኩ።

ዱላውን አንሥቶ ጥሎን ሄደ። ሁለት ሰዎች ተከተሉት።

አያ ሰይድ ቀስ ብለው «ራሱ ነው ያለው? በአንደበቱ?» አሉኝ።

«በአንደበታቸው። አጠገባቸው ቆሜ ነበር። ደግሞ አንድ ነገር ልጨምር፤ ይህን እንዲፈትሹ መንገዱን ያሳዩአቸው እመት ዘሀራ ናቸው። የዛሬ ስምንት ዓመት የነገሩአቸውን ነው ዶክተሩ በገንቦ የሞከሩት። የእመት ዘሀራ ማሳ የተረፈው በመተት አይደለም፤ ስላቃጠሉት ነው።»

ሁሉም ወደ ዳር ዞረ። እመት ዘሀራ ሻሻቸውን ወደ ግንባራቸው ሳቡት።

«ምን ታዩኛላችሁ?» አሉ። «ያኔም ተናግሬ ነበር።»

ከዚያ ስብሰባው ሌላ መልክ ያዘ። ጥያቄ ዘነበ። እበቱንስ ምን እናድርገው? አፈር ውስጥ ያለው ዘር መቼ ያልቃል? የማውቀውን ነገርኳቸው፤ ዘር ሳይዝ መንቀልና ማቃጠል፣ በጣም በተጎዳው ማሳ ላይ ለጥቂት ዓመታት አቀንጭራ የማይጠባቸውን ማሾ ወይም ሰሊጥ መዝራት። ዘሩ አፈር ውስጥ ብዙ ዓመት እንደሚቆይ፣ ስንት እንደሆነ ግን በትክክል እንደማላውቅ ነገርኳቸው። «አላውቅም» ስል አንድ ሽማግሌ በአዎንታ ራሳቸውን ነቀነቁ። ከዚያ በኋላ ሰው ቀረብ ብሎ ነው ያዳመጠኝ።

ኃላፊው ሊሄድ ሲነሣ «ሪፖርት መጻፌ ግዴታዬ ነው» አለኝ። ቁጣ አልነበረበትም። ሞተሩን አስነሥቶ ሲሄድ ወደ እሱ የሚያይ አልነበረም።

ቅዳሜና እሑድ፤ መመለሻ

ቅዳሜ ጠዋት ዋጃ ለመድረስ በማለዳ ተነሣሁ። አያ ሰይድ ቤት አልነበሩም። መንገዱ በእመት ዘሀራ እርሻ በኩል ያልፋልና እዚያ ስደርስ ማሽላ ሲታጨድ አየሁ። ስምንት ሰዎች ናቸው። አያ ሰይድ ማጭዳቸውን ይዘው ፊት ፊት ይሄዳሉ። ከእመት ዘሀራ ጋር ሲነጋገሩ አልሰማኋቸውም፤ ይቅርታ መጠያየቃቸውንም አላውቅም። ትናንት ተቆጥቶ የሄደው ጎልማሳ አልነበረም። እመት ዘሀራ አገዳ እየለዩ አንድ ጥንቅሽ ሰበሩና ሰጡኝ።

«ለእናትሽ ውሰጂላት» አሉኝ።

ቅዳሜ ደሴ አድሬ እሑድ ማታ አዲስ አበባ ገባሁ። እናቴ ጥንቅሹን ጥርሷ እንቢ ስላላት እኔው በላሁት።

ከሦስት ሳምንት በኋላ የቆቦው ኃላፊ ሪፖርት ደረሰ። ከተሰጠኝ ተልዕኮ ውጪ በመናገሬ የጽሑፍ ማስጠንቀቂያ ተሰጠኝና በፋይሌ ውስጥ ገባ። የገንቦዎቹን ውጤት ስጽፍ ሐሳቡ የመጣው ከእመት ዘሀራ መሆኑን በመጀመሪያው ገጽ ላይ አሰፈርኩ። የክፍላችን ኃላፊ አነበበውና «ይህቺ ሴት የየትኛው ተቋም ናት?» አለኝ። ገበሬ መሆናቸውን ነገርኩት። ሊሰርዘው እስክሪብቶ አነሣ፤ ከዶክተር ይርዳው ስም ቀጥሎ መሆኑን ሲያይ ግን ተወው።

ያ ጉዞ ምን አስተማረኝ ብዬ ሳስብ ሥራዬን አስለወጠኝ ማለት ይቀለኛል። ከዚያ በፊት አንድ መንደር ስደርስ የምጠይቀው ምክራችንን በደንብ የተከተለውን ገበሬ ነበር። እሱን አሳዩኝ፣ ማሳውን ፎቶ ላንሣ እል ነበር። አሁን ሊቀ መንበሩን ሰላም ካልኩ በኋላ እንቢ ያለው ማነው ብዬ እጠይቃለሁ። ብዙ ጊዜ ያፍራሉ፤ አንዳንዴም እንደዚህ ያለ ሰው የለም ይሉኛል። ሁልጊዜም አለ። መጀመሪያ የምሄደው እሱ ቤት ነው፤ ሰውየው አንዳንዴ ግትር ብቻ ሆኖ ይገኛል፣ አንዳንዴ ግን ያየው ነገር አለ። ያየውን ሲነግረኝ እጽፈዋለሁ። ከጻፍኩትም በኋላ ሰባት ዓመት አላስቀምጠውም።